የቮልስ አሎይ ቸርኬ ብሎን ሲላላ

ባሕር ዳር ውስጥ ባለ 4 ብሎን ቮልስ ላይ አሎይ (ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ) ቸርኬ ከተገጠመ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጥ፣ ብሎኑም ይላላ ነበር። ጎማውን ባላንስ ማድረግ አልፈታውም። የቀዳዳዎቹ ልክ 4×130 (4 ቀዳዳ፣ 130 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ) ስለሆነ እሱ ጋ ችግር የለም። ጥፋቱ ብሎኑ ነው፤ የፋብሪካው አንገቱ ድብልብል፣ የአሎዩ መቀመጫ ግን 60 ዲግሪ ሾጣጣ። ሲፈታ መቀመጫው ላይ እንደ ክር የቀጠነ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ታየ፤ ብሎኑ የነካው እሱን ብቻ ነበር።

መፍትሔው ሾጣጣ አንገት ያለው ኤም 14×1.5 (14 ሚሊሜትር ውፍረት፣ በጥርሶቹ መካከል 1.5 ሚሊሜትር) ብሎን ነው። አሎይ ወፍራም ስለሆነ ረዘም ያለ ይፈልጋል፤ በእጅ ቢያንስ 9 ዙር ይግባ። ከመጠን በላይ ከረዘመ ግን ከታምቡሩ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የፍሬን ከበሮ) ኋላ ወጥቶ ፍሬኑን ይነካል፤ ጎማውን በእጅ አዙሮ ማየት ግድ ነው። ጥርሱን ዘይት አትቀቡት። በመስቀለኛ (ከአንዱ ወደ ትይዩው ብሎን እየተዘለለ) እስከ 120 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይጥበቅ፤ ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ ከተነዳ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና።