መክተፊያ የመሰለው ጊታር፦ ኤሌክትሪክ ጊታር በቤትህ ለመሥራት

የመጀመሪያውን ጊታሬን ቦዲ (ገላውን) ቆርጬ ሰርቪሷ በር ላይ ደገፍ ሳደርገው ጎረቤቴ እማማ አይተውት «ይሄን መክተፊያ በስንት ትሰጠኛለህ?» አሉኝ። ሳቅኩ። ከሦስት ወር በኋላ ግን እውነትም ከመክተፊያ ሌላ የሚሆነው ነገር አልነበረም። ለገጣፎም ሁን ሰበታ ወይ ቡራዩ፣ ግቢህ ውስጥ ጊታር ልሥራ ካልክ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ አንተንም እየጠበቀህ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን እንጨት ይሻላል?» ብሎ ነው። መልሴ አንድ ነው፦ ደረቅ እንጨት።

ያኔ ዋንዛውን የገዛሁት ነሐሴ ላይ ነው። ሻጩ «ዓመት የሞላው ደረቅ ነው» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ሁለት ጣውላ በኮላ አጋጠምኩ፣ በቅርጹ ቆረጥኩ፣ ኔኩ (የጊታሩ አንገት) የሚገባበትን ጎድጓድ ልክክ አድርጌ አወጣሁ። ኅዳር ላይ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ሲመጣ መሐል ያለው መጋጠሚያ ከታች በኩል ተከፈተ፤ መታወቂያ ያስገባል። የኔኩ ጎድጓድ ደግሞ ጠበበና ጥጉ ላይ ተሰነጠቀ። እንጨት ውሃው ሲወጣ በርዝመቱ ብዙም አያጥርም፣ በጎኑ ነው የሚኮማተረው። ስለዚህ ክረምት ላይ በልክ የሠራኸው ነገር በጋ ላይ ልኩ ሌላ ነው።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ጣውላውን የሰፈር ሱቅ እወስድና ባለሱቁን ለምኜ እመዝነዋለሁ። ክብደቱንና ቀኑን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። በሳምንቱ እደግማለሁ። ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ሁለተኛው ጣውላዬ ላይ ዘጠኝ ቁጥር ተደርድሮ ነበር፤ ከ3.9 ኪሎ ተነስቶ 3.4 ላይ ቆመ። እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ አየር እንዲያገኝ ከሥሩ ቀጫጭን እንጨት አድርግለት፣ ሁለቱን ጫፎቹን ቀለም ቀባቸው። ካልቀባሃቸው ጫፉ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ትዕግስት ከሌለህ አሮጌ የቤት ዕቃ ፈልግ። የተሰበረ አልጋ፣ የድሮ ቁም ሳጥን፣ ጠረጴዛ፤ ከእንጨት ቤት የተረፈ ቁራጭም ይሆናል። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ልጅ ሳለ፣ በ1963 እ.ኤ.አ.፣ ከአባቱ ጋር ጊታር መሥራት ሲጀምሩ ኔኩን ያወጡት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው። ያንን ጊታር ዕድሜ ልኩን ተጫውቶበታል። እንዲህ ያለ እንጨት የሚኮማተረውን ተኮማትሮ ጨርሷል።

አሁን ወደ ዓይነቱ። ለቦዲ ዋንዛ ምርጫዬ ነው፤ ቀለል ይላል፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲቀባ ያምራል። ዝግባም ይሆናል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ የቀበቶህ ዘለበት ሳይቀር ይወጋዋል። ጥድ ሽታው ልብ ይሰርቃል፤ ጉጡና መሰንጠቁ ግን ያሰለቻል። ባሕር ዛፍ ለአጣና ይቅርልህ፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ወይራ ለቦዲ ከሆነ ትከሻህን ይሰብረዋል፣ ለፍሬትቦርድ (ኔኩ ላይ ጣት የሚያርፍበት ጣውላ) ግን ጠንካራና ልሙጥ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለውን ካገኘህ አትልቀቀው። ሂድና ዛፍ ቁረጥ እያልኩህ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ጥበቃ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው። ለአንድ ቦዲ የሚበቃህ 45 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ሲገጣጠም 35 በ45 ሴንቲ የሚሆን ቁራጭ ነው።

ድምፁ? ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ፒካፑ (ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ) የሚሰማው የብረት ክሩን ንዝረት ነው። የእንጨቱን ጉዳይ ክራር ለሚሠሩት ተወው፤ እነሱ ጋ ነው ትልቁ ቁም ነገር።

ኔኩን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሥራው። ቦዲው የተሰበረ አሮጌ ጊታር ፈልገህ ኔኩን ንቀል፣ መቃኛዎቹንም አብረህ ታገኛለህ። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር በ1950 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ጊታር ኔኩ በአራት ብሎን የታሰረ ነበር። እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው። ግድ ፍሬትቦርድ ልሥራ ካልክ ሒሳቡ ይሄ ነው፦ የክሩን ርዝመት፣ ማለትም ከነቱ (ኔኩ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ቁራጭ) እስከ ብሪጁ (ቦዲው ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ብረት) ያለውን፣ ለ17.817 ታካፍላለህ። 648 ሚሊ ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት (ፍሬትቦርዱ ላይ በአግድም የሚተከለው ቀጭን ብረት) ከነቱ 36.37 ሚሊ ላይ ይውላል። ከዚያ ቀሪውን እንደገና ለ17.817፣ እንዲህ እያልክ ትቀጥላለህ። ወረቀት ላይ ደምረህ ጨርስና እንጨቱ ላይ ምልክት ስታደርግ ሁሉንም ከነቱ ለካ። ከፍሬት ወደ ፍሬት እየለካህ ከሄድክ ትንንሹ ስህተት ተጠራቅሞ መጨረሻው ላይ ጉድ ያደርግሃል።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። መጋዝ፣ መላጊያ፣ ስለታም መሮ፣ ድሪል፣ ሞረድ፣ ሁለት ሦስት ማጣበቂያ ሞርሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት ከ80 እስከ 240። ራውተር (እንጨት የሚቦረቡር ማሽን) ካለህ ሥራው ያምራል፣ ከሌለህ ጎድጓዱን በድሪል ጥቅጥቅ አድርገህ ብሳና በመሮ አጽዳው። ጥልቀቱ እንዳያልፍብህ የድሪሉ ጫፍ ላይ ፕላስተር ጠቅልል፤ ለኔኩ 16 ሚሊ ይበቃል። በራውተር ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ በላይ አትውረድ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፋ። እኔ ረስቼው ቡና ልጠጣ ወጣሁ፤ መብራቱ ሲመጣ ራውተሩ ብቻውን ተነስቶ ጠረጴዛውን ቆራርጦ መሬት ወረደ። እጄ እዚያ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጊታር አልጫወትም ነበር። አፍንጫህንም ሸፍን፣ ሰጋቱራው ሳንባ ይገባል።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቀው ብሪጁ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ኔኩን ካሰርክ በኋላ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለካ። 324 ሚሊ ከሆነ እጥፉ 648 ነው፤ ቀጭኑ ክር ብሪጁ ላይ የሚያርፈው እዚያ ነው። ወፍራሙ ክር ከዚያ ጥቂት ሚሊ ወደ ኋላ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የብሪጁ ማስተካከያ ብሎኖች ወደ ኋላ የሚሄዱበት ቦታ መኖሩን እይ። ከመብሳትህ በፊት የልብስ ስፌት ክር አምጣ። በሁለቱ ዳርቻ ክሮች ቦታ ከነቱ እስከ ብሪጁ ወጥረህ በፕላስተር ያዘው፣ ከዚያ ከላይ ቁልቁል እየው። ከኔኩ ሁለት ጠርዝ እኩል ካልራቁ ብሪጁን ግፋው። እኔ ይህን ሳደርግ ብሪጁ 3 ሚሊ ወደ ግራ ሄዶ አገኘሁት። በስቼ ቢሆን ኖሮ ቀጭኑ ክር ከኔኩ ላይ እየወደቀ ያስቸግረኝ ነበር።

ኤሌክትሪኩ ያን ያህል አያስፈራም። ፒካፕ ማግኔትና በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም። ባለ አንድ ጥቅል ከሆነ 250 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (ድምፁን የምታስተካክልበት መዘውር)፣ ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል) ከሆነ 500። ከብሪጁ ሥር ወደ ግራውንድ (የመሬት መስመር) የሚሄድ ሽቦ አትርሳ፣ ከሌለ «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ አያስቆምህም። ያ ሽቦ ክሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር ስለሚያገናኝ የምትሰካበት ሶኬት ግራውንድ ያለው መሆኑን በኤሌክትሪሺያን አስፈትሽ። ከሌለው ክሩ ሊነዝርህ ይችላል።

ቫርኒሽ ስትቀባ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ምረጥ፣ መሬቱንም ውሃ ርጭ አድርግበት። እኛ ሰፈር አስፋልት ስለሌለ አንድ ባጃጅ ካለፈች ጊታሩ ላይ አቧራ ነው። ስስ ስስ አድርገህ ቀባ፣ በየመሐሉ በ240 ዳሰስ።

ክሩን ወጥረህ 12ኛው ፍሬት ላይ ሳትጫን ጣትህን አስነክተህ አሰማ፣ ከዚያ ተጭነህ አሰማ። ስልክህ ላይ ያለው መቃኛ የተጫንከውን ከፍ ያለ ካሳየህ ብሪጁ ላይ ያለውን የክሩን ማረፊያ በብሎኑ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ያለ ካሳየህ ወደ ፊት። ሰኔ ገብቶ እርጥበት ሲመጣ ኔኩ ትንሽ ሊጎብጥ ይችላል። ትራስ ሮዱን (ኔኩ ውስጥ ያለውን ማቅኛ ብረት) አዙር፣ ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፍ፤ አሳድረህ ጠዋት እየው።