የዘማች በሶ በደቦ እንዴት ይዘጋጃል?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ባወጁ ጊዜ ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ ነበርና፣ ከነጋሪቱ ቀጥሎ ሥራ የበዛው በሴቶች ጓዳ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ በገባ ጊዜም ሴቶች ተሰብስበው ደረቅ ስንቅ ሲያዘጋጁ ሰንብተዋል። ይህን ያህል ድካም በዘመቻ ታሪክ ውስጥ በአንድ መስመር መታለፉ ተገቢ አይመስለኝም።

ለበሶ የደጋ ገብስ ይመረጣል። ገብሱ ተለቅሞና ተበጥሮ፣ ጥቂት ውሃ ተርከፍክፎበት በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው ከተለየ በኋላም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ይደርቃል።

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ገብሱን መቁላቱ ነው። ምጣዱ ላይ ብዙ ገብስ ከተጨመረ የታችኛው ሲያር የላይኛው ጥሬ ስለሚሆን፣ በስሱ እየጨመሩ ያለማቋረጥ ማማሰል ያስፈልጋል። አንዷ ስትቆላ ሌላዋ እሳቱን ትጠብቅ፤ ጭሱ ስለሚጎዳም በየተራ ይቀያየሩ፤ ነፍሰ ጡርና አስም ያለባት ሴት ግን ለቀማው ላይ ብትሆን ይሻላል። መድረሱን ለማወቅ አንዲት ፍሬ ሰብሮ ማየት ነው፦ ውስጧ ነጭ ከሆነ ገና ነው፤ ከጠቆረ በሶው ይመራል፤ ውስጧም ውጭዋም ዳማ ሆኖ ጥርስ ሥር ቀጭ ካለች ይውጣ።

ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄድ በፊት ገብሱ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ወፍጮው ቀደም ሲል በርበሬ ፈጭቶበት እንደሆነ ባለወፍጮውን ጠይቁ፤ ከሆነም ሌላ እህል አስቀድሞ እንዲያሳልፍበት አድርጉ፤ አለበለዚያ በሶው ሁሉ ያቃጥላል።

ከወፍጮ የመጣ ዱቄት ትኩስ ስለሆነ በዚያው ከታሸገ ያልበዋል፣ ይሻግታልም። ንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ ተሰጥቶ ይደር። ጨው እርጥበት ይስባልና ለብቻው በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ይላክ። በጭቆ ልማድ ቅቤ ለመጨመር የሚፈልጉ አሉ፤ ነገር ግን ቅቤ ቶሎ ይከረፋል፣ ጿሚውንም ያስቀራል፤ ደረቁ በሶ ግን በውሃ ተበጥብጦ ወይም ጭብጦ ሆኖ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል።

በመጨረሻም በትልቅ ማዳበሪያ ከማጨቅ ይልቅ በትንንሽ ከረጢት ማሸግ ይበጃል፤ ውሃ አንዱን ቢያገኘው ሌላው ይተርፋልና። በእያንዳንዱ ላይ የተፈጨበት ቀን ይጻፍ፤ መጀመሪያ የተፈጨውም መጀመሪያ ይጫን።