የቀበናን ደለል ለምትሰሩ ልጆች፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ሰሞኑን ለመመረቂያ በቀበና ወንዝ ደለል ላይ ስላለው የከባድ ብረቶች (እርሳስ፣ ክሮሚየም የመሳሰሉት) ብክለት የሚሰሩ ልጆች ድራፍት ይልኩልኛል፣ ደስ ብሎኝ ነው የማነበው፣ ግን አንዷ ስህተት ሁሉም ጋ ስላለች ዛሬ ልጻፈው አልኩ።

እሷም ባክግራውንድ ናት፣ ማለትም ብክለት ሳይኖር በተፈጥሮ የሚገኘው መጠን። እርሳስም ክሮሚየምም ድንጋይ ውስጥ በተፈጥሮ አለ፣ ስለዚህ "ተበክሏል" ለማለት መጀመሪያ ንጹሁ አፈር ስንት እንደነበረው ማወቅ አለባችሁ። እናንተ ግን ሁላችሁም የሼል (ከጭቃ የተፈጠረ ድንጋይ) አማካይ ከመጽሐፍ ገልብጣችሁ ታስገባላችሁ፣ ክሮሚየም 90፣ እርሳስ 20 ሚሊግራም በኪሎ። ኧረ አዲስ አበባ እኮ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው ያለችው! የባዛልት (ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አማካይ ክሮሚየም 170፣ እርሳስ 6 ነው። እስቲ አንድ ሳምፕል ክሮሚየም 180 እርሳስ 24 ወጣ እንበልና ጂኦአኩሙሌሽን ኢንዴክስ ስሩ (የለካችሁትን ከባክግራውንዱ ጋር የሚያወዳድር ቁጥር ነው፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ብክለት የለም)። በሼል ክሮሚየሙ 0.4 ይሆንና ብክለት አለ ትላላችሁ፣ እርሳሱ ከዜሮ በታች ነው። በባዛልት ደግሞ ክሮሚየሙ ከዜሮ በታች ይወርድና እርሳሱ 1.4 ይገባል። ፍርዱ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ ማለት ነው፣ ድንጋዩን በከተማ ብክለት ከሳችሁት፣ ሰው ያመጣውን እርሳስ ደግሞ በነጻ ለቀቃችሁት። ባዛልቱንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትቅዱ፣ እዚህ ትራካይትም ኢግኒምብራይትም የሚባሉ ሌሎች የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች አሉ። ወደ እንጦጦ ውጡና ቤትና ጋራዥ ከሌለበት ከላይኛው ገባር ከተለያየ ቦታ ራሳችሁ ውሰዱ፣ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ካድሚየም ነው። በሃካንሰን ስሌት (ብረቶቹ ለአካባቢው ያላቸው ስጋት የሚሰላበት) የተለካው ለባክግራውንዱ ተካፍሎ ካድሚየም በ30 ይባዛል፣ እርሳስ በ5፣ ዚንክ በ1። ማሽናችሁ ከ0.5 በታች ማየት ካልቻለና እናንተ ያንኑ 0.5 ካስገባችሁ፣ በሼሉ 0.3 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 50 ይመጣል፣ "መካከለኛ ስጋት" ማለት ነው፣ ምንም ሳትለኩ! አልታየም ብላችሁ ጻፉት።

አሸዋ አትውሰዱ፣ ከባድ ብረቱ በብዛት ያለው ከ63 ማይክሮን በታች ባለው ደቃቅ ላይ ነው።

የወንዝ ዳር ልማቱ ከተሰራ ወዲህ ደግሞ ዳርቻው ላይ ያለው አፈር ብዙ ቦታ ከሌላ ቦታ የመጣ ሙሊት ነው፣ ቀበናም ሆነ ባንተይቀጡ ላይ ከዳር ሳይሆን ውሃው ዞር ብሎ ከሚያርፍበት መታጠፊያ ላይ ውሰዱ። እዛ ጋ ጭቃው ጥቁር ነው፣ በጣት ሲያሹት እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ባልዲ ውስጥ ክፍቱን ካደረ ጠዋት ፊቱ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ አየር ስለነካው ሰልፋይዱ (ብረቶቹን የያዘው የድኝ ውህድ) ተቀይሯል፣ ከባድ ብረቱ በምን መልክ እንደተያዘ ልታጠኑ ከሆነ ያ ሳምፕል አበቃ። እቃውን እስከ አፉ ሞልታችሁ ወዲያው ክደኑ፣ በረዶ ላይ አድርጉ።

ወንፊት ናይሎን ይሁን። ይሄን የምለው ራሴ ስለተጎዳሁበት ነው። ስጀምር በናስ ወንፊት ነፋሁና መዳብና ዚንክ ሁሉም ሳምፕል ላይ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ከላይኛው ንጹህ ቦታ የመጣው ላይ ሳይቀር። ናስ መዳብና ዚንክ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሳምፕሉን እንደገና ልወስድ ስል ክረምቱ ገብቶ ነበር፣ በመስከረም ስመለስ ያ ጥቁር ጭቃ ቦታው ላይ የለም፣ ጎርፉ ጠራርጎ ወደ አቃቂ ወንዝና አባ ሳሙኤል ግድብ ወስዶታል።