በዱላ ታይ ቺና ቺጎንግ ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ዱላ ለማንም እንግዳ ዕቃ አይደለም። እረኛውም፣ መንገደኛውም፣ ሽማግሌውም ይይዘዋል። ስለዚህ በቻይና የዳበረውን የታይ ቺና የቺጎንግ፣ ማለትም ዝግ ያለ እንቅስቃሴን ከትንፋሽ ጋር የሚያጣምሩ ስልቶች፣ የዱላ ልምምድ መጀመር ለእኛ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። እጃችን ዱላን የለመደው ለመደገፍ፣ ከብት ለመንዳትና ራስን ለመከላከል ሲሆን፣ በዚህ ልምምድ ግን ዱላው ከነዚህ ውስጥ አንዱንም አይሠራም። ሥራው ሰውነታችን የት ቦታ እንደተወጠረና የትኛው ጎናችን ወደኋላ እንደቀረ ለራሳችን ማሳየት ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ዱላ ከመምረጥ ነው። ቤት ውስጥ የተገኘውን ከዘራ አንስቶ የሚጀምር ብዙ ሰው አለ፤ ሆኖም ከዘራው እጀታው የተቆለመመ በመሆኑ በመዳፍ ውስጥ አይሽከረከርም፣ ክብደቱም ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። የወይራ ዱላ ጥንካሬው የሚወደድ ቢሆንም ለጀማሪ ትከሻ ይከብዳል። የሚመረጠው ቀጥ ያለ፣ በደንብ የደረቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ስንጥር የማይተው፣ ርዝመቱ 1.2 ሜትር ገደማ የሆነና በመዳፍ ተይዞ በቀላሉ የሚንከባለል ቀላል እንጨት ወይም ቀርከሃ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የማየው ስህተት፣ ባዶ እጅን ሳይለምዱ በቀጥታ ዱላ መያዝ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ለሕዝብ ተብሎ የተዘጋጀው ባለ 24 እንቅስቃሴው አጭር ታይ ቺ በባዶ እጅ የሚሠራ ሲሆን፣ ከእርሱ ውስጥ ሁለት ሦስቱን ብቻ ወስዶ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወርን ለጥቂት ሳምንታት መለማመድ በኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የማርመው ግን አጨባበጥን ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ፣ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ግቢያችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላውን በደረታቸው ትይዩ ሲይዙ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያዎች ነጥተው፣ የክንዳቸው ጅማት ተገትሮ፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ፣ ትንፋሻቸውም ቀጥ ብሎ ነበር። «ጋሼ፣ የሚቀማዎት ሰው እኮ የለም» አልኋቸው። ጣቶቻቸውን ላላ ሲያደርጉ ትከሻቸው በራሱ ጊዜ ወረደ፤ ወዲያውም ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። በእጅ ላይ የነበረው ውጥረት ክንድን፣ ትከሻንና ደረትን አስሮ እንደቆየ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም። ዱላው የሚያዘው ዶሮ አሁን የጣለችው እንቁላል በሚያዝበት አያያዝ ነው፤ እንዳይወድቅም እንዳይሰበርም። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ ሌላ ሰው የዱላውን ጫፍ ይዞ በቀስታ ሲስበው ከመዳፍዎ ውስጥ እየተንሸራተተ መውጣት አለበት። እስክስታ ያደግንበት በመሆኑ ትከሻችን መነሣትንና መንቀጥቀጥን ያውቃል፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ትከሻው ወርዶ፣ ክርኑም ወደ ታች ተንጠልጥሎ መቆየቱ ነው።

በክንድ ብቻ መሥራት የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ከቻይና የጤና ቺጎንግ ልምምዶች መካከል በዱላ የሚሠራ ባለ 8 እንቅስቃሴ ስልት አለ፤ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ስያሜውን ያገኘው ከጀልባ ቀዛፊ ነው። ሐይቅ ላይ ታንኳ ሲቀዘፍ አስተውሎ የተመለከተ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ ቀዛፊው በእጁ ጉልበት ብቻ ቢሠራ ቶሎ ስለሚደክም፣ ኃይሉ ከታችኛው ሰውነቱ ተነሥቶ በወገቡ በኩል ያልፋል፣ ክንዱም ይከተላል። እርስዎም እምብርትዎ ወደየት እንደዞረ ይመልከቱ፤ ዱላው ዞሮ እምብርትዎ ባለበት ከቀረ፣ የሠራው ክንድዎ ብቻ ነው።

የጉልበት ጉዳይ በብርቱ ያሳስበኛል፤ ራሴም ተጎድቼበታለሁና። በጀመርሁበት ክረምት፣ ዝናብ ባቆመ በማግስቱ፣ ግቢው መረሬ አፈር ላይ የጎማ ሶል ባለው ጫማ ቆሜ ዱላውን ወደ ግራ ሳዞር ወገቤ ዞረ፤ ጫማዬ ግን በጭቃው ተይዞ ባለበት ቀረ። በመካከል የተጠመዘዘው ጉልበቴ ስለነበር ለሦስት ሳምንት ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርሁት ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ክብደት ከሚዞረው እግር ላይ ይነሣል፣ ቀጥሎ እግሩ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ወገብ ይከተላል። ጉልበት ሁልጊዜ የእግር ጣቶች ወደሚያመለክቱበት አቅጣጫ ይታጠፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይወድቅም። ዝቅ ብሎ መቆምም የብቃት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሕመም ከተሰማ ቀና ብሎ መሥራት ይበቃል። መሬቱ ደረቅና ደልዳላ ካልሆነ፣ የዚያን ቀን ልምምድ ቤት ውስጥ ማድረግ ይሻላል።

ትንፋሽን በግድ ማስረዘምም ይጎዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹን አምቆ ዱላውን ከራሱ በላይ ሲያነሣ ዐይኑ ቢጨልም አይገርምም። ዱላው ሲነሣ ማስገባት፣ ሲወርድ ማስወጣት በቂ ነው፤ ካልተገጣጠመ ትንፋሹን በራሱ አካሄድ ይተዉት። በጾም ወራት የሚያዞራቸው ሰዎች ልምምዱን ካፈጠሩ ወይም ከገደፉ በኋላ ቢያደርጉት መልካም ነው።

ዱላውን መደገፊያ ማድረግም ትልቅ ስህተት ነው። በቀጭን እንጨት ላይ ሙሉ ክብደቱን የጣለ ሰው፣ እንጨቱ በተንሸራተተ ጊዜ አብሮ ይወድቃል። ያለ ምርኩዝ መቆም የማይችል አረጋዊ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ዱላውን በደረቱ ትይዩ እያዞረ ሊጀምር ይችላል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ቀለል ሲለው የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒቱን ያቆማል። ይህን ከማንኛውም የእንቅስቃሴ ስህተት የባሰ አድርጌ አየዋለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ፓርኪንሰን የተባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የነርቭ ሕመም ካለባቸው 195 ሰዎች መካከል ለ6 ወራት በሳምንት 2 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ1 ሰዓት ታይ ቺ የሠሩት ሚዛናቸውን በመጠበቅ ረገድ ከሌሎቹ ተሽለው ተገኝተዋል፤ ነገር ግን መድኃኒታቸውን አቋርጠው አልነበረም። መድኃኒትን የመቀነስም ሆነ የማቆም ውሳኔ የሐኪም ነው።

በመጨረሻም፣ ልምምዱ እንዳለቀ ዱላውን ጥግ አስደግፎ ወዲያው መሄድ አይገባም። በሁለት እጅ አግድም ይዘው ከእምብርትዎ በታች ዝቅ ያድርጉት፤ ትከሻዎ እስኪረጋና ትንፋሽዎ እስኪመለስ ድረስ አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ። የደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ ነውና ጋቢዎ በቅርብ ይኑር፤ ያላበው ጀርባዎ ሳይበርደው ይልበሱት።