የዝሆን ሳርን በጓሮ እንዴት መትከል ይቻላል?

አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ አንዲት የወተት ላም አለችን። የጭድ ዋጋ አልቀመስ ሲል በአጥሩ ጥግ የዝሆን ሳር ተከልን። እናንተም ላም ካላችሁ ሞክሩት።

ሳሩ ሙቀት ይወዳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብርዱ እድገቱን ያዘገየዋል፣ ውርጭ ደግሞ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝና ግንብ ከነፋስ የሚከልለው ቦታ ምረጡ።

የሚተከለው በሰኔ፣ ዝናቡ አፈሩን ካራሰው በኋላ ነው። ዘር አትፈልጉ፣ እንደ ሸንኮራ አገዳው ነው የሚተከለው። ጠንከር ያለ አገዳ ውሰዱና እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት አንጓ እንዲኖረው አድርጋችሁ ቁረጡት። ሁለቱን አንጓ አፈር ውስጥ ቅበሩ፣ አንዱ ከላይ ይቅር፣ ቁራጩም ጋደል ይበል። አንጓው ላይ እንደ ስንዴ ፍሬ ሾል ያለች እምቡጥ አለች፣ ጫፏ ወደ ላይ ማየት አለባት። በመስመሮቹ መካከል 1 ሜትር፣ በቁራጮቹ መካከል 50 ሴንቲሜትር ይበቃል። ጉድጓዱ ውስጥ የበሰበሰ ፍግ ጨምሩ። አረሙን ደግሞ ሳሩ እስኪጠነክር ድረስ ቶሎ ቶሎ ንቀሉት።

ትልቁ ነገር አጨዳው ነው። እኛ መጀመሪያ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን እያየን ደስ ብሎን ዝም አልነው፣ ስናጭደው ግን አገዳው እንጨት ሆኖ ነበርና ላማችን ቅጠሉን ለቅማ ሌላውን ገፋችው። ሳሩ ሲያረጅ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፣ ለመፈጨትም ይከብዳል። 1 ሜትር አካባቢ ሲደርስ እጨዱት። ከመሬት 10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አስቀሩ፣ ከሥሩ ከላጫችሁት መልሶ ማቆጥቆጥ ይቸግረዋል።

ያጨዳችሁትን ትንሽ አጠውልጉና በገጀራ ከትፋችሁ ስጡ። ሳሩ ብቻውን ለወተት ላም አይበቃም፣ ፍሩሽካና ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው) ወይም አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ጨምሩበት። ደግሞ 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን እስከ 40 ኪሎ እርጥብ ሳር ትበላለች፣ ስለዚህ የጓሮ ጥግ የጭድ ወጪን ይቀንሳል እንጂ አይተካውም።

ካጨዳችሁ በኋላ ሁሌ ፍግ ጣል አድርጉበት። በበጋ ደግሞ ጎመንና ድንች ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉት፣ ሥሩ ላይ አፍስሱት።