ጠዋት ደሴ ላይ "የሚሞት"፣ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ የሚነሳ ሲሊንደር፦ የሃይድሮጂን ቅይጦች ችግርና መፍትሄ

ታህሳስ ነበር። ደሴ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ተማሪዎቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆመው ይጠብቃሉ። ውስጡ ሃይድሮጂን የሚጠጣ ብረት ያለበትን ሲሊንደር ቫልቭ ከፈትኩ። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ ላይ እንደተኛ ቀረ። ሃይድሮጂንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፊውል ሴል ላይ ያሰርናት ትንሽዬ ቬንትሌተር ንቅንቅ አላለችም። ሲሊንደሩን ከሞላነው ገና ሳምንቱ ነው። በሳሙና አረፋ ፈተሽነው፣ አያፈስም። "በቃ፣ ብረቱ ሞቷል" ተባለ።

ኮምቦልቻ ወርክሾፕ ያለው ወዳጅ አለኝ፣ እሱ ጋ ይዤው ወረድኩ። (ጋዝ ያለበት ሲሊንደር መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ አይጫንም፤ ፒክአፕ ለምኜ ከኋላ አስሬ ነው የወሰድኩት።) የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ምሳ በልተን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ አስቀምጠን ከፈትነው። ጌጁ ብድግ አለ! ቬንትሌተሯ መሽከርከር ጀመረች። "ምንም አልሆነም እኮ፣ አብሽር" አለኝ ወዳጄ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት ደሴ ላይ ደግሞ ዜሮ።

ከዚያ ወዲህ ሞቷል የተባለ ሲሊንደር ሲመጣልኝ፣ ብዙውን ጊዜ ወይ በርዶት ነው ወይ ግሎ ነው እንጂ ብረቱ ደህና ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር ልመዱ፦ ቫልቩን ከመንካታችሁ በፊት ሲሊንደሩን በእጃችሁ ዳብሱት።

ለጀማሪ ትንሽ ልበል። ሃይድሮጂን የሚጠጡ ብረቶች አሉ። ቶማስ ግርሃም በ1866 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ፓላዲየም የሚባለው ብረት የራሱን መጠን እስከ 900 እጥፍ ሃይድሮጂን እንደሚውጥ አይቷል። ፓላዲየም ውድ ነው፤ ዛሬ በብዛት የምናገኘው የሁለት ብረቶች፣ የላንታነምና የኒኬል፣ ቅይጥ ነው፣ እሱም በ1960ዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድስ በፊሊፕስ ቤተ ሙከራ የተገኘ። እኔ ጋ ያለውም እሱ ነው። ጋዙ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ወደ አተም ይሰነጠቅና በብረቱ አተሞች መሃል ባለው ክፍተት ይገባል። አንድ ኪሎ ቅይጥ 14 ግራም ያህል ሃይድሮጂን ይይዛል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሲወጣ ወደ 150 ሊትር ጋዝ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ጋዙ ሲገባ ሙቀት ያወጣል፣ ለመውጣት ደግሞ ያንኑ ሙቀት መልሶ ይፈልጋል። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህች አንድ ነገር ይወለዳሉ።

ምልክት፦ ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፣ ጠዋት ግን ምንም አይወጣም

ምክንያቱ ብርድ ነው፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከፍታው ይታከልበታል። ይሄ ቅይጥ 25 ዲግሪ ላይ ጋዙን የሚለቅበት ግፊት ወደ 2 ባር ይጠጋል (ባር የግፊት መስፈሪያ ነው)። ሙቀቱ በ15 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ግፊቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሌሊቱን ውርጭ ሲያድርበት፣ 5 ዲግሪ ላይ፣ ውስጡ የሚቀረው 0.7 ባር ያህል ነው። ደሴ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ ወደ 0.75 ባር ነው። ጌጁ የሚያሳየው ደግሞ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ውስጥና ውጭ እኩል ከሆነ ጋዙን ምን ይገፋዋል? ኮምቦልቻ ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ሲሆን ያው ሲሊንደር ከ2 ባር ያልፋል። ታምሩ ይሄው ነበር።

መፍትሄው አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ነው። እጅ የሚችለው፣ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ። ሲሊንደሩን ቫልቩ ከውሃው በላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ከትታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ። ማንደጃ አጠገብ አታስጠጉት፣ ሻማም ምድጃም አያስፈልገውም። 60 ዲግሪ ላይ ግፊቱ ወደ 7 ባር፣ 80 ላይ ከ12 ባር በላይ ይሄዳል፤ የከሰል እሳት ደግሞ 80 ላይ አይቆምም። ሃይድሮጂን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ በሆነ መጠን ከተቀላቀለ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እሳት ያለበት ቤት ውስጥ ይሄን ሥራ አትጀምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው አያስተውለውም። ብርድ ላይ "ምንም አይወጣም" ብላችሁ ቫልቩን ክፍት ትታችሁ ከሄዳችሁ፣ ውስጡ ከውጭው ስላነሰ ሲሊንደሩ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። አየር ማለት ኦክስጅንና እርጥበት ነው፣ ብረቱን በእውነት የሚጎዳው እሱ ነው። አልወጣም? ዝጉት፣ ከዚያ አሙቁት።

ምልክት፦ ይጀምራል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደክማል

ሲሊንደሩን ንኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ክረምት ላይ ከሆነ ላዩ እንደ ላብ ውሃ ያወጣል። ጋዙ ሲወጣ የራሱን ብረት ሙቀት እየወሰደ ነውና ቅይጡ ራሱን በራሱ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል። ዝም ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ብትተዉት ከአየሩ ሙቀት ወስዶ እንደገና ይነሳል። ቸኩላችሁ ከሆነ ያው ሳፋ ነው። ሙቅ ውሃው ይበቃል ወይ ብላችሁ አትጨነቁ፦ አንድ ኪሎ ቅይጥ ያለውን ጋዝ ሁሉ ቢለቅ እንኳ 5 ሊትር ውሃን የሚያቀዘቅዘው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ምልክት፦ አልሞላ አለ

ይሄ የመጀመሪያው ችግር ግልባጭ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። በ10 ባር እየሞላችሁ ነው እንበል። መጀመሪያ ጋዙ ይገባል ይገባል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ጌጁም 10 ላይ ይቆማል። "ሞላ" ብላችሁ ታሽጋላችሁ። ግን ሲሊንደሩን ብትነኩት ይፋጃል። አልሞላም፣ ግሎ ነው። አንድ ኪሎ ቅይጥ ሙሉ በሙሉ ሲጠጣ የሚያወጣው ሙቀት አንድ ሊትር ውሃን በ50 ዲግሪ ያሞቃል፤ ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሻይ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም ማለት ነው። ቅይጡ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እንደ ዱቄት ደቅቆ ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት ዱቄቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም ዱቄት ሙቀት በቶሎ አያስተላልፍም።

መፍትሄው ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ እየነከሩ፣ ውሃው ለብ ሲል እየቀየሩ፣ በዝግታ መሙላት ነው። እዚህ ላይ የደሴ ብርድ ጓደኛችሁ ነው። እኛ አሁን የምንሞላው ጠዋት፣ የምንጠቀመው ከቀትር በኋላ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላ ድንጋጤ አለ፦ ማታ 10 ባር ላይ የተዘጋው ሲሊንደር ጠዋት 2 ባር ሆኖ ይገኛል። "አፈሰሰ!" ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ሲበርድ ብረቱ የተረፈውን ጋዝ ጠጥቶት ነው። እንዴት ትለያላችሁ? ሚዛን። ማታ መዝናችሁ ቁጥሩን ሲሊንደሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፣ ጠዋት እንደገና መዝኑ። ክብደቱ እኩል ከሆነ ጋዙ እዚያው አለ። ከቀነሰ አፍስሷል፤ ያኔ ሳሙናና ስፖንጅ ይዛችሁ ከቫልቩ አንገት ጀምሩ።

ምልክት፦ ጌጁ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ከዚያ ድንገት ባዶ

ጌጁ አልተበላሸም። እንደ ኦክስጅን ሲሊንደር ግማሽ ሲሆን ግማሽ ግፊት አያሳይም። ሲሞላ የግፊቱ መንገድ መጀመሪያ ትንሽ ዳገት አለው፣ ከዚያ ረጅም ሜዳ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ዳገት። ሜዳው ላይ እያላችሁ ሩብም ይኑረው ሦስት ሩብ፣ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ጌጁ ያንኑ ያሳያል። ስለዚህ የቀረውን ማወቅ የሚቻለው በሚዛን ነው። አንድ ኪሎ ቅይጥ ባለው ሲሊንደር በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የማይሞላ ስለሆነ የሽንኩርት ሚዛን አይሆንም፤ ግራም የምትቆጥር ዲጂታል ያስፈልጋል።

ምልክት፦ አዲስ ቅይጥ ነው፣ ግን ጋዙን እምቢ አለ

ላዩ ላይ ስስ የዝገት ቆዳ አለ። ይሄ ቆዳ እስኪሰነጠቅ ጋዙ አይገባም። የላንታነምና ኒኬሉ ቅይጥ ገራም ነው፦ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩን አውጡለት፣ ለብ አድርጉት፣ ከዚያ ሲሊንደሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ሳታልፉ 10 ባርና ከዚያ በላይ ንጹህ ሃይድሮጂን ስጡት፣ ቀዝቅዞ ይጠጣ፣ እንደገና አስወጡት። እንደ ቡና ነው፣ በአቦል ብቻ አይጨረስም፤ ቶናና በረካም አለው። በየዙሩ ብረቱ ይሰነጣጠቃል፣ አዲስ ንጹህ ገጽ ይወጣል፣ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይጀምራል።

የታይታኒየምና የብረት ቅይጥ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ1974 ብሩክሄቨን በሚባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ራይሊና ዊስዎል ያወጡት ነው፤ ርካሽ ነው፣ በክብደቱም ከላንታነሙ ይበልጥ ይይዛል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንቃት ወደ 400 ዲግሪ ሙቀት ይጠይቃል፣ ይሄ በሳፋ አይሞከርም። ከብረቱ ጥቂቱ በማንጋኒዝ የተተካ ሲሆን ይቀላል፤ ስትገዙ ይሄን ጠይቁ። ማግኒዥየምም በክብደቱ 7.6 በመቶ ይይዛል ብለው ያጓጓችሁ እንደሆነ፣ ጋዙን የሚለቀው 300 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አትርሱ። ለትምህርት ቤት አይሆንም።

ምልክት፦ በየወሩ የሚይዘው እየቀነሰ ነው

ሞቅም ቀዝቀዝም አድርጋችሁ፣ መዝናችሁ፣ አሁንም ከቀነሰ፣ ያኔ ጥፋቱ የጋዙ ነው። ከውሃ በኤሌክትሪክ ያወጣነው ሃይድሮጂን እርጥብ ነው፣ ትንሽ ኦክስጅንም አይጠፋውም። እኛ እርጥበት በሚመጠው ሲሊካ ጄል ሳናደርቅ በመሙላታችን አንድ ሲሊንደር ቀስ በቀስ አዳክመናል፤ እስካሁን ያናድደኛል።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ናይትሮጅን የመሰለ ብረቱ የማይጠጣው ጋዝ ተቀላቅሎ ከሆነ ከዱቄቱ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተኝቶ ሃይድሮጂኑን ይከለክላል። ከሞላችሁ በኋላ ግቢ ውጡና ቫልቩን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ተንፈስ አድርጉት፣ እንደገና ሙሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሆነ የብረቱን ፊት ይሸፍናል፣ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ አሙቆ በንጹህ ሃይድሮጂን ደጋግሞ በማጠብ ይመለሳል፤ ይሄ ግን መሣሪያ ያለው ሰው ሥራ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ግን ክፉ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መመለሻ የለውም። ባዮጋዝ ውስጥ አለ፤ ከባዮጋዝ የወጣ ሃይድሮጂን የሚሞክር ካለ ይጠንቀቅ።

ምልክት፦ የማይክ ባትሪው ቻርጅ አይይዝም

ከርዕሴ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ። ላያቸው ላይ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የተጻፈባቸው ትናንሽ ባትሪዎች ውስጥ ያለው የዚሁ ቅይጥ ዘመድ ነው፣ በ1997 የወጣችው ቶዮታ ፕሪየስም የሄደችው በእሱ ነው። ለሰርግ ማይክ ስትፈልጉት የሚሞተው፣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ራሱን ስላፈሰሰ ነው፤ ቆላ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከሰርጉ በፊት ባለው ማታ ቻርጅ አድርጉ። ብዙ ወር ተኝቶ የከረመ ከሆነ ሦስት አራቴ ሞልቶ ማውረዱ ብዙ ጊዜ ያነቃዋል። አሮጌና አዲስ አታቀላቅሉ፤ ደካማው ቶሎ ያልቅና ሌሎቹ በግልባጭ እየነዱት ይገድሉታል። ቻርጅ ላይ ሆኖ በጣም ከጋለ ሞልቷል ማለት ነው፣ ንቀሉት።

ምልክት፦ ጥቁር ዱቄት ቱቦው ላይ ታየ፣ ወይም ሲሊንደሩ አብጧል

እዚህ ላይ ሞክሩ የምለው ነገር የለም። ቅይጡ ሲጠጣ መጠኑ በሩብ ያህል ያብጣል፣ ሲለቅ ይኮማተራል፣ በየዙሩም እየተሰነጠቀ ከዱቄት ይደቅቃል። ሲሊንደሩ ቆሞ ከኖረ ዱቄቱ ታች ይጠቀጠቃል፣ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፣ የሲሊንደሩን ሆድ ይገፋል። ስለዚህ ነው ሲሠራ ባዶ ቦታ የሚተውለት፣ ብዙ ጊዜም አጋድሞ ማስቀመጥ የሚሻለው። ዱቄት ከወጣ ደግሞ የውስጥ ማጣሪያው ተቀዷል።

በመፍቻ እንዳትከፍቱት። ያ ዱቄት አየር ሲነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ካበጠ አትሙሉት፣ አታሙቁት፣ ውሃም ውስጥ አትንከሩት። ቫልቩን ዘግታችሁ፣ ከሰውና ከእሳት ራቅ ያለ፣ ጣራ የሌለው ጥላ ቦታ አስቀምጡና ለሸጠላችሁ ሰው ደውሉ። ዱቄቱ ከተቀጣጠለ ውሃ አትድፉበት። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገባችሁ ይኑር፤ እኛ ጋ ከበሩ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ባልዲ አለ።