ባዮሜዲካል ማጥናት ለምትፈልጉ የወሎ ልጆች፦ ከየት ይጀመራል? የትስ ያደርሳል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። "ሜዲስን ባይደርሰኝ ምን ልግባ? ባዮሜዲካል ጥሩ ነው ይላሉ፣ ሥራ አለው ወይ?" ከሆጤም ይጠይቃሉ፣ ከመርሳም፣ ከወረኢሉም። አንዳንዴ የሚጠይቀው ልጁ ሳይሆን አባትዬው ነው። የማውቀውን አንድ ላይ ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ይኼን ለዩ። ባዮሜዲካል ብላችሁ ስትነሱ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፣ መግቢያ በራቸውም አንድ አይደለም። አንዱ ከደም፣ ከሽንት፣ ከሰገራና ከአክታ ውስጥ በሽታውን ፈልጎ የሚያወጣው የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ሌላው ማሽኑን የሚተክልና የሚጠግን የባዮሜዲካል ኢንጂነር ነው። ሦስተኛው አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ ወይም ማይክሮባዮሎጂ የሚያስተምርና የሚመራመር ሰው ነው። እንግሊዝ ሀገር ባዮሜዲካል ሳይንስን ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምረው በዚሁ ስም ይማሩታል። እኛ ጋ ግን ለእሱ በጣም የሚቀርበው የመጀመሪያ ዲግሪ ሜዲካል ላብራቶሪ ሳይንስ ነው፤ እነአናቶሚና ፊዚዮሎጂ እንደ ሙያ የሚመጡት በአብዛኛው ማስተርስ ላይ ነው። ስለዚህ የዲፓርትመንት ፎርም ላይ ባዮሜዲካል ሳይንስ የሚል ብታጡ ተስፋ አትቁረጡ። መንገዱ በላብራቶሪ በኩል ነው።

በእኔ እምነት ለወሎ ልጅ ከሦስቱ የሚሻለው መነሻ ላብራቶሪ ነው። ምክንያቱም ከዚያ ወደ ሌሎቹ ብዙ በር ይከፈታል፣ እዛው ላይ ብትቀሩም ሙያው በራሱ ሙሉ ነው።

የት ልማር?

ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለላችሁ። የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደሴ ግቢ ነው፣ ሜዲካል ላብራቶሪም እዚያው ይሰጣል። የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ነው፣ አታምታቱት። ጎንደር ደግሞ በዚህ ሙያ የቆየ ስም አለው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ የባዮሜዲካልና ላብራቶሪ ሳይንስ ትምህርት ቤት ነው የሚባለው። ላብራቶሪ አራት ዓመት ይፈጃል። የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ነው፤ ለሱ ጅማና አዲስ አበባ ይታሰባሉ፣ ሒሳብና ፊዚክስም ካልወደዳችሁ አትሞክሩት። የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ላልመጣላችሁ ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ያሰለጥናል። ከዚያ ሥራ እየሠሩ ወደ ዲግሪ ያደጉ ብዙ ናቸው፣ አብሽሩ።

ፍሬሽማንን (የመጀመሪያውን ዓመት) አትናቁ

ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጤና ልማር ነው የመጣሁት ብሎ ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂን፣ ጂኦግራፊን ይንቃል። ዲፓርትመንት የሚመደበው ግን በነጥብና በምርጫ ነው፣ ነጥቡ ውስጥ ደግሞ እነሱም አሉ። ጂኦግራፊ ላይ ያመጣችሁት ሲ ከምትፈልጉት ክፍል ሊያስቀራችሁ ይችላል። እንግሊዝኛችሁንም ያኔውኑ ግፉበት፤ ሃንድአውቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፣ ከመንደር ትምህርት ቤት ለመጣ ልጅ የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚከብደው ከባዮሎጂው ይልቅ በቋንቋው ነው።

ትምህርቱ ምን ይመስላል?

ዲፓርትመንት ስትገቡ መጀመሪያ መሠረቱ ይመጣል፦ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ። ከዚያ ሙያው፦ ሄማቶሎጂ፣ ክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ ባክቴሪዮሎጂ፣ ፓራሲቶሎጂ፣ ኢሚውኖሎጂ፣ የደም ባንክ ሥራ፣ ስታትስቲክስ፣ የጥራት ቁጥጥር፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናት።

ስሞቹ አያስፈሯችሁ። ወሎ ላይ ሆናችሁ ስትማሩት ሁሉም ከደጃችሁ ያለ ነገር ነው። ወባን ውሰዱ። ከሐርቡ ወይ ከከሚሴ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ደሙ ስላይድ ላይ በሁለት ዓይነት ይዘጋጃል፣ አንዱ ወፈር ብሎ አንዱ ሳሳ ብሎ። በወፍራሙ ተውሳኩ አለ ወይ ተብሎ ይፈለጋል፣ በስሱ ደግሞ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለያል። ጊምዛ ቀለም ይቀባል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፣ በ100 እጥፍ ሌንስ ይታያል። ነጌቲቭ ነው ከማለታችሁ በፊት ቢያንስ 100 እይታ መፈተሽ አለባችሁ። ሰልፉ በር ላይ ተኮልኩሎ እያለ 30 አይቶ "የለም" ማለት ይቀላል፤ በዚያች ችኮላ ግን ተውሳኩ ያለበት ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዓይነቱን መሳትም እንደዚያው ነው። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የሚባሉት የወባ ዓይነቶች መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ለሱ ተጨማሪ መድኃኒት ካልተሰጠ ከወራት በኋላ ይመለሳል።

ሐይቅ ከተማ ደግሞ ቢልሀርዚያ አለ። ሐይቁ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ሰገራው ውስጥ የትሉን እንቁላል በማይክሮስኮፕ ታገኙታላችሁ፣ ጎኑ ላይ እሾህ የመሰለች ነገር አለችው፣ አንድ ጊዜ ያያት ሰው አይረሳትም። ይኼን በሽታ ስትማሩ የአክሊሉ ለማን ነገር አስታውሱ። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሀርዚያን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣው ነውና ነገሩን ተከታተለው፣ እንዶድም ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ ታወቀ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘበት። ያንን እንዶድ የኛም እናቶች ያውቁታል። የምርምር ጥያቄ ሩቅ ሀገር መፈለግ አያስፈልግም ለማለት ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ የሚያልፈው ስለሆነ። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከቆላ ሰው ከፍ ይላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ስለዚህ ከሚሴ ላለች ነፍሰ ጡር ደህና የሚባል ቁጥር ለደሴዋ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ቁጥሩን ያወጣል፣ ከፍታውን የምታስቡት እናንተ ናችሁ።

እጃችሁን አሰልጥኑ

ሆስፒታል ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) ስትወጡ ጥግ ይዛችሁ አትቁሙ። ደም መቅዳት በማየት አይለመድም። ክንዱን የምታስሩበትን ጎማ ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ያለውን ደም ወደ ቀዩ አትገልብጡ፤ ሐምራዊው ውስጥ ያለው መድኃኒት ፖታሲየም ስላለበት የፖታሲየሙን ውጤት ከፍ፣ የካልሲየሙን ዝቅ ያደርገዋል፣ ሐኪሙም በሌለ በሽታ ይደነግጣል። የናሙናውን ስም በሽተኛው ፊት ጻፉ፣ "በኋላ እጽፈዋለሁ" አይባልም። ከላብራቶሪ የሚወጣ ስህተት ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ በፊት የተሠራ ነው።

ለራሳችሁም እዘኑ። አታችመንት ሳትጀምሩ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ተከተቡ። ሦስት ዶዝ ነው፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጀምሩ። የተጠቀማችሁበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ። ጓንት አለቀ ቢሏችሁ ጠይቁ፣ ካልመጣ ጠብቁ፣ ባዶ እጃችሁን ደም አትንኩ።

አጋጣሚ ካገኛችሁ ቦሩ ሜዳን እዩት። የሥጋ ደዌና የቆዳ በሽታ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢም የሚታከምበት ሆስፒታል ነው፣ መጽሐፍ ላይ ብቻ የምታዩትን ነገር እዚያ በአካል ታገኙታላችሁ። ጂንኤክስፐርት የሚባለውን ማሽንም ተለማመዱበት፤ አክታ ውስጥ ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል።

ሁለት ፈተና አለ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት (የመውጫ) ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከዚያ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ምዘና፣ እኛ ሲኦሲ የምንለው አለ፣ ፈቃድ የምታወጡት በሱ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ማጥናት አያስፈልግም። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የየኮርሱን ማስታወሻ አሳጥራችሁ ካስቀመጣችሁ ጂሲ (ተመራቂ) ስትሆኑ አትሯሯጡም።

ከተመረቃችሁ በኋላ

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጤና ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ ብዙ ነው። መንግሥት እንደ ድሮው ሁሉንም ተቀብሎ አይመድብም። ይኼን አውቃችሁ ግቡ። ሥራ የሚያገኘው ግን ማነው ብላችሁ ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላብራቶሪው ላይ አንድ ሌላ ነገር የጨመረ ነው። ኮምፒውተር ላይ ዳታ ማስገባትና መተንተን የሚችል፣ የጥራት ሥራ የገባው፣ ማሽን ሲቆም የት ጋ እንደቆመ የሚያይ።

ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የታወቁት ናቸው። የግል ክሊኒክና የግል ላብራቶሪ ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም አለ፤ ልምድ ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ግን ውል ሳትፈራረሙ አትጀምሩ። ደሴ የደም ባንክ አለ። የአማራ ሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩትም ደሴ ቅርንጫፍ አለው፣ ወረርሽኝ ሲነሳ ናሙና የሚመረምረውና የሌሎችን ላብራቶሪ ጥራት የሚከታተለው እሱ ነው፣ እኔን ብትጠይቁኝ ለወጣት ባለሙያ ብዙ የሚያስተምር ቦታ ነው። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላብራቶሪ አለ፣ ቢራ ፋብሪካውና ሌሎቹም የጥራት ክፍል አላቸው፤ እዚያ ግን ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ምሩቃን ጋር ትወዳደራላችሁ።

የጥራት ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አይኤስኦ 15189 የሚባለውን የሕክምና ላብራቶሪ መመዘኛ አንብቡት። ሆስፒታሎች ዕውቅና ለማግኘት የሚለፉት በሱ ነው፤ ሰነዱን አዘጋጅቶ ላብራቶሪውን ለምዘና የሚያበቃ ሰው ደግሞ ያው ጥቂት ነው።

መማር ለምትቀጥሉ ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። ጎንደር፣ አዲስ አበባና ጅማ ማይክሮባዮሎጂም ፓራሲቶሎጂም አሉ። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ ወይም ባዮኬሚስትሪ ከያዛችሁ የሜዲስን ተማሪ የሚያስተምር መምህር ትሆናላችሁ። ምርምር የሚስባችሁ አዲስ አበባ ያለውን አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ አህሪን እዩ። በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሥጋ ደዌ ምርምር ጀምሮ ዛሬ ቲቢና ሌሎችም ላይ ይሠራል። በአክሊሉ ለማ ስም የተጠራ የምርምር ኢንስቲትዩትም አለ። ለነዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ነጥባችሁ ይታያል፣ የመመረቂያ ጥናታችሁን ከጓደኛ ገልብጣችሁ ከሆነም ቃለ መጠይቅ ላይ ይታወቃል።

ኢንጂነሪንግ ለመረጣችሁ ሥራችሁ እዚሁ ተኮልኩሎ ይጠብቃችኋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት የሕክምና ዕቃ ተዘርፎ፣ ስንቱ ተሰባብሮ እንደቀረ ሁላችንም አይተናል። ያኔም አሁንም የሚያስቆጨው ትንሽ ዕቃ ተበላሽቶበት፣ የሚጠግነው ሰው ጠፍቶ ስቶር የተጣለ ማሽን ነው። ዲግሪው ባይሆን እንኳ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻን ያሰለጥናል።

ዓረብ ሀገር ስለምታስቡት

ወሎ ውስጥ ዓረብ ሀገር እህት ወይ አክስት የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ይኼም ይነሳል። በላብራቶሪ ሙያ መሄድ ይቻላል፣ በቤት ሠራተኛ ውል ከመሄድ ጋርም ጨርሶ አይገናኝም። የሚጠየቀው ዲግሪ፣ የሙያ ፈቃድ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ልምድ፣ ሰነዳችሁን ዳታፍሎው በሚባለው በኩል ማረጋገጥና ፕሮሜትሪክ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ነው። ደላላ ይኼን ሁሉ በገንዘብ እጨርስልሃለሁ ካላችሁ ሽሹት። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ከየመሥሪያ ቤቱ ስትለቁ ወዲያው ውሰዱ፣ ከዓመታት በኋላ ለማውጣት መከራ ነው። ስማችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ይጻፍ። መሀመድ ትምህርት ማስረጃው ላይ መሀሉ በአንድ ኤም፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ከሆነ ጣጣው ብዙ ነው።

ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ላብራቶሪ ክፍሉን አስጎብኙኝ በሉ። ጠዋት አትሂዱ፣ ናሙና የሚበዛው ያኔ ነው፤ ከሰዓት ይሻላል። ኃላፊውን አስፈቅዱ፣ በማይክሮስኮፕ አንድ ስላይድ እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ፣ የአክታና የሰገራውን ሽታም እዩት፣ እንደምትችሉትና እንደማትችሉት ያን ቀን ይገባችኋል። ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠሩ፣ የሌሊት ተራው እንዴት እንደሆነ፣ ሬጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ሲያልቅ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቋቸው። የላብራቶሪ ሰውን የሚጠይቅ ብዙም የለም፣ ከጠየቃችሁት በደንብ ያወራችኋል።